ጆሮውን የነካ ልጅ

ነሐሴ 24፣ ጠዋት

ዛሬም ቀበሌ። ዛሬም የተማሪ ምዝገባ። ጽሕፈቷ ይነበባል ብለው ከነጥቁር ልብሴ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውኛል። እስከ ሰባተኛ ክፍል መማሬ ለዚህ ሆነ። ልጅ ለሚያስገቡ ወላጆች የልጁን ስምና ዕድሜ ሁለት ቦታ እጽፋለሁ፤ አንዱ የቀበሌው መዝገብ ነው፣ ሌላው ለት/ቤት ይዘውት የሚሄዱት ወረቀት። ሊ/መንበሩ ማኅተም ይመታል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር «የጀግና እናት» ይለኛል፣ ሰው እንዲሰማ። አፈር ያስበላው። ልጄ ማቴዎሴ ጦር ሜዳ ከሞተ ስምንት ወሩ።

አንተንም አልወድህም፣ ደብተር። ከፊት በኩል የሱ የሒሳብ ትምህርት አለብህ። ከኋላ ጀምሬ የምጽፍብህ እሱን ላለማየት ነው።

ነሐሴ 26

ቀኑን ሙሉ ጆሮ ማስነካት። የልደት ወረቀት ያለው የለም። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ሰባት ሞላው ይባላል። ካልነካ ለከርሞ። እናቶች ያጭበረብራሉ። አንገት ያጣምማሉ፣ ክንድ ይጎትታሉ። ከቡሹሎ የመጣችው ሴት ልጇን ስትስበው አለቀሰ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዘይነባ መጣች፣ ጎረቤቴ፣ መናኸሪያ ጨርቅ የምትሸጠው። ልጇን ከድርን ይዛ። አንገቱን ዘንበል አድርጋ ጣቱን ጎተተችው። ነካ። ሰባት ብለሽ ጻፊ አለች። ከድር ሲወለድ ምጧ ላይ ነበርኩ፤ አምስት ነው። አልጽፍም አልኳት።

«አንቺስ ማቴዎስን ስንት ብለሽ ነው ያስገባሽው?»

ሰው ሁሉ ፊት።

ብዕሩን ጥዬ ወጣሁ። በእግሬ እስከ ሐይቁ ዳር፣ እስከ አሞራ ገደል። ዓሣ የሚያጸዱት ጎረምሶች እየተቃለዱ ይሳሳቃሉ። ጠላኋቸው። በሕይወት ስላሉ።

ነሐሴ 27

አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ላክሁ።

እንግዲህ ልጻፈው። አምስት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ፊደል ጨርሷል፣ ት/ቤት ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረኝ። እኔም አንገቱን አጣመምኩ። ነካ። እልል አልኩ። የቀበሌው ጸሐፊ አልነበረም፤ መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩ። 7።

የውትድርናው ጥሪ ሲመጣ ያንኑ መዝገብ ገለጡ። በሱ ሲቆጠር 18 ዓመት ሞልቶታል። ልጄ አሥራ ስድስት ተኩል ነው ብዬ ጮህኩ። ሊ/መንበሩ መዝገቡን አዙሮ ፊቴ አኖረው። ይሄ ጽሕፈት የማነው፣ እናቴ? አለ። ፈገግ ብሎ።

ዝናቡ አላባራም። ይበቃኛል።

ጳጉሜ 1

ዘይነባ ካኪ ይዛ መጣች። ለከድር ዩኒፎርም ስፊልኝ ነው፤ የሰፈሩን ልጆች ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። መቀሱን አነሳሁ። ጨርቁን ልዘለዝለው ነበር፣ እግዚአብሔር ያያል። ከዚያ ነገርኳት። መዝገቡን፣ ጥሪውን። እሷ የምታውቀው ግማሹን ነበር።

መቀሱን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች።

«ኧረ የኔ እናት፣ ከድር እስኪደርስ ጦርነቱ ያልቃል!»

«ማቴዎስ ጆሮውን ሲነካም ያልቃል ይሉ ነበር።»

አለቀሰች። ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱቅ ውስጥ ጣቃ ላይ ይንደባለል ወይ? አለችኝ። ልጁ የሱቁን ማስታወቂያ ሁሉ ያነባል። ሂጂልኝ አልኳት። ካኪውን ትታ ሄደች።

ጳጉሜ 3

ሰፋሁት። እያደገ ይለብሰዋል ብዬ የሱሪውን እግር ሁለት ጣት አጠፍኩ። ለማቴዎስም እንዲሁ አጥፌ ነበር።

ስሰፋ መጣልኝ። ት/ቤቱ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ጥሪ ሲመጣ የሚገለጠው መዝገቡ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ነገ የምዝገባው መጨረሻ። እሄዳለሁ። ለከድር ወረቀቱ ላይ 7፣ መዝገቡ ላይ 5። አንገቱ ለተጣመመ ወንድ ልጅ ሁሉ እንዲሁ። ለእናቶቹ አልናገርም፤ ምስጢር አይችሉም።

ጓድ ሊ/መንበር ማኅተሙን እንጂ ጽሑፉን አያይም። አንድ ቀን ካየ ያስረኛል። መዝገቡንም አዙሮ፣ ይሄ ጽሕፈት የማነው? ይለኛል።

የኔ ነው እለዋለሁ።