ቲሸርቱ ላይ የታተመው ሰውዬ

ጌትዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። እስከዛሬ ብዕር ያላነሳሁት ረስቼህ አይደለም፤ የምጽፈውን እፈራ ስለነበር ነው። አሁን ፍርሃቱ ለቀቀኝ። እንዴት እንደለቀቀኝ ካልነገርኩህ ደግሞ እረፍት የለኝም፤ ታውቀኝ የለ፣ ወሬ ይዤ መሰንበት አልችልም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያው ጆበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር፣ ያው ሁለት ክፍል ውስጥ ነኝ። አከራያችን የግቢውን በር ቀይራዋለች፤ አዲሱ ሲከፈት ስለማይጮህ ሰው ሲገባ አልሰማም። በባልዲ የተከልከው ቃሪያ ሞተ፣ ይቅር በለኝ፤ ውሃ ነፍጌው ሳይሆን አብዝቼበት ነው። ጀፕ ሰፈር ያለችውን ሱቃችንን አልዘጋኋትም። ብርድ ልብሱን ግን ትቼ መጋረጃ ብቻ እሸጣለሁ፤ የብርድ ልብስ እስር ተሸክሞ እስከ ታክሲው የሚያደርስልኝ ትከሻ የለማ። የቆዩ ደንበኞችህ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዙሉኛ «ሳውቦና» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ በዓይናቸው አንተን ይፈልጉ ነበር። አሁን ሁሉም አውቋል።

ዛሬ የጻፍኩልህ ግን በሎጋው ጉዳይ ነው። አትሳቅ።

ሎክዳውን የታወጀ ጊዜ እንዴት እንደሆንኩ ታስታውሳለህ? ሱቁ ተዘጋ፣ ወታደር መንገዱን ያዘው፣ እኔ ደግሞ የበር እጀታ ሳጥብ እውል ጀመር። ዳቦ ገዝተህ ስትመጣ ዳቦውን በሳኒታይዘር የጠረግኩት ሴት ነኝ። አንድ ወር ሙሉ ጥርሴን አላየኸውም። አንተም ኳስ የለ፣ ጓደኛ የለ፣ ከሪሞቱ ጋር ስትጣላ ትውላለህ። እንዲሁ ስታገላብጥ ነው ከኮሪያ በቀጥታ የሚተላለፈውን ቤዝቦል ያገኘኸው። የዓለም ጨዋታ ሁሉ ቆሞ እነሱ ብቻ ይጫወታሉ፤ ተመልካች ስለተከለከለ መቀመጫው ላይ አሻንጉሊት ደርድረውበታል። አንተ ሕጉ እንዲገባህ ስትታገል እኔ ሰዎቹን አየሁ።

ሰዎቹንማ ማየት ነው! መጀመሪያ ግራኙን ወደድኩ፤ ኳሷን ከመወርወሩ በፊት ከንፈሩን የሚነክሰውን። ቀጥሎ ማስቲካውን፤ ሲያኝክ ጉንጩ የሚሰረጉደውን። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ፈታኋቸው፣ ምክንያቱም ሎጋው መጣ። ሎጋው ኮሪያዊ አልነበረም፤ ከሌላ አገር ተቀጥሮ የመጣ ጠይም፣ አንገተ ረጅም፣ ጢሙን አሳምሮ የተስተካከለ፣ ፒያሳ ላይ ብታገኘው ሳትጠራጠር በአማርኛ ሰላም የምትለው ዓይነት ሰው ነው። ስሙ ስላልያዘልን ሎጋው አልኩት። ዱላውን ይዞ ሲቆም «ኧረ በሞትኩት!» እላለሁ፤ አንተ «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?» ትላለህ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ሲቃረብ ቀሚስ እቀይር ነበር። «ዛሬ ለማን ነው?» እያልክ የምታበሽቀኝን መቼም አልረሳም።

አንድ ቀን የሎጋው ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ሲታይ ብድግ አልክና የመጥረጊያውን እንጨት ትከሻህ ላይ አድርገህ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ጎን ቆምክ። «በይ ፍረጂ፣ ማን ይሻላል?» አልከኝ። ቁመትህ ስክሪኑን እንኳ በወጉ አልደረሰም። ፎቶ አነሳሁህ። ፎቶ ጠላትህ ስለነበር ከዚያች ሌላ የምትስቅበት የለህም፤ ያለው የፔፐር፣ የስደተኛ ወረቀትህ ፎቶ ነው፣ እሱ ደግሞ አሁን ከእስር የተፈታ ያስመስልሃል።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልግባ።

ሐምሌ ውስጥ ነበር፣ የጆበርግ ብርድ አጥንት ሲሰብር። ሱቁ ተከፍቶ በየተራ እንሄድ ነበር፤ ያን ቀን ተራው ያንተ ነው፣ አንተ ግን ቀደም ብለህ መጣህ። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ ሎጋው ዱላውን ይዟል። ማስክህን እያወለቅክ ፊት ለፊቴ ቆምክና «ብርድ ሳይመታኝ አልቀረም» አልክ። እኔ ምን አልኩህ? «ዞር በልልኝ እስቲ፣ አላየሁትም!» አንተም ዞር አልክ። ወደ መኝታ ቤት ገባህ። እኔ ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነሳሁም። ሎጋውም ያን ቀን አልመታም።

በሦስተኛው ቀን አምቡላንስ ወሰደህ። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም። በስልክ ስናወራ ሳሉ ቃልህን ይቆርጠዋል፤ «በርቺ» ትለኛለህ፣ «ትድናለህ» እልሃለሁ። ያችን ነገር ላነሳት እልና ምላሴ ይተሳሰራል። በዘጠነኛው ቀን ደወሉልኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ዓመቱን ሙሉ የበላኝ ሞትህ ብቻ አልነበረም ጌትዬ፤ ቅር ብሎህ ሄደህ እንደሆነ አለማወቄ ነው። ባሏ «አመመኝ» ሲላት «ዞር በል» የምትል ሴት ምን ትባላለች? ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቴሌቪዥኑንም አልከፈትኩትም። ለቀስተኛው ሁሉ ለሐዘን ወግ የዘጋሁት መሰለው፤ እኔ ግን ሎጋውን ማየት አፍሬ ነው።

ከሁሉ የፈራሁት ደግሞ እህትህን ነው። እትዬ ዘነበች እጃቸው ላይ ያደግክ፣ እንደ እናትም እንደ አባትም የሆኑልህ ናቸው፤ «እትዬ ፊት ቀልድ የለም» እያልክ ያስፈራራኸኝም አንተ ነህ። የቀብርህ ዕለት፣ ጥቂት ሰው ብቻ ተፈቅዶ ተራርቀን ስናለቅስ፣ ከማስካቸው በላይ ዓይናቸው ከእኔ አልተነቀለም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከኮዝሞ ሲቲ ይደውላሉ። «በልተሻል?» ይላሉ፤ «በልቻለሁ» ስል ይዘጋሉ። ነገሩን ያውቁታል፣ ቀን እየጠበቁልኝ ነው እል ነበር።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ እድሩ ቲሸርት ይታተም አለ። የዚህን አገር ልማድ ታውቀዋለህ፤ የሟች ፎቶ ደረት ላይ፣ ከሥሩ «አንረሳህም»። ጀፕ ውስጥ ደሳለኝ የሚባል አዲስ አታሚ አለ፣ አንተን በሕይወት አይቶህ አያውቅም። የመጥረጊያዋን ፎቶ ላክኩለት፤ ሰው ሁሉ ስትስቅ እንዲያይህ ፈልጌ። ደንበኛ መጋረጃ እያስለካኝ፣ በአንድ እጄ ሜትር በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፣ «ባለቤቴ ነው፤ ከጎኑ ያለውን አውጥተህ እሱን ብቻ አስቀርልኝ» ብዬ ጻፍኩ።

እስቲ አንተ ፍረድ፣ በደሳለኝ ቦታ ሁን። ቀን ከቀን የሚላክለት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሟች ትልቅ ፎቶና አጠገቡ የቆመ ቤተሰብ ነው። የኛን ሲከፍት ጥቁር ፍሬም ውስጥ ኮስተር ያለ ጠይም መልከ መልካም አለ፤ አጠገቡ ደግሞ የመጥረጊያ እንጨት ተሸክሞ የሚገለፍጥ አጭር ሰውዬ። ሰው ሞቶ ምን ያስቀዋል ብሎ ተናዶብህም ይሆናል። አንተን ቆርጦ ጣለህ።

ካርቶኑ የደረሰው በዕለቱ፣ ከጸሎቱ በፊት፣ ሰው ግቢ ውስጥ ተራርቆ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ልከፍተው ስል እትዬ «ተይ፣ እኔ ነኝ የምከፍተው፣ ወንድሜ ነው» ብለው ተቀበሉኝ። አንዱን አወጡ፣ ዘረጉት፣ ወደ ሰው አዞሩት።

ሎጋው!

ሠላሳ ቲሸርት ላይ ሎጋው፣ ጢሙን እንዳሳመረ፣ ከሥሩ «ጌታቸው፣ አንረሳህም» ተብሎ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የእድሩ ሊቀመንበር መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አደረጉ። አንዷ ጎረቤት «በሽታው እንዲህ ለውጦት ነበር እንዴ?» ብላ አንሾካሾከች፤ ሌላዋ «የወጣትነቱ ይሆናል እንጂ» አለቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ቲሸርቱን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ከዚያ ዓይናቸውን እኔ ላይ ጣሉ። «አንቺ፣ ሎጋው ማለት ይሄ ነው?» አሉኝ።

ስሙን ከየት ሰሙት ብዬ ሳልጨርስ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ልደግፋቸው ሮጥኩ። እየሳቁ ነው ጌትዬ! ያ ሁሉ ግርማ፣ ወንበር ጨብጠው፣ ማስካቸው በእንባ እስኪርስ ድረስ። እኔንም ያዘኝ። ባሏ የሞተባት ሴት በባሏ ሙት ዓመት ላይ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ሰው ሁሉ አየ፤ ግድም አልሰጠኝ።

ሳቁ ሲበርድልን ወደ ወጥ ቤት ይዘውኝ ገቡ። ለካ አንተ ተንኮለኛ ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ትደውልላቸው ኖሯል! «የሚስቴ ውሽማ ዛሬ ሁለት መታ» ትላቸው ነበር አሉ። መጀመሪያ ላይ ተቆጥተውሃል፤ ሚስትህን ሥርዓት አስይዝ ብለውሃል። የመለስክላቸውን ግን ቃል በቃል ነገሩኝ፤ «እትዬ፣ ሚስቴ በፍርሃት ልታልቅብኝ ነበር። ያ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ ትስቃለች። ይምታላት፣ ምን ገዶኝ» ብለሃቸዋል። ታዲያ ዓመት ሙሉ ምነው ሳይነግሩኝ ብላቸው «በለቅሶ ቤት የውሽማ ወሬ ይወራል?» አሉኝ። በቀብሩም ያዩኝ የነበረው ከእንግዲህ ይቺን ማን ያስቃታል እያሉ ነው።

ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። ዞር በልልኝ ማለቴን እየተንሰቀሰቅኩ ተናዘዝኩ። እንዲያውም አላስጨረሱኝም፤ ያንንም ያውቁታል። ያን ቀን ከአልጋህ ሆነህ ደውለህላቸው ነበር። ሳል እያቋረጠህ እየሳቅክ «ዛሬስ ጭራሽ ዞር በል ተባልኩ» አልካቸው። «ትንሽ አሞኛል፤ ጨዋታዋን አላበላሽባትም፣ ሲያልቅ መጥታ ሻይ ታፈላልኛለች» አልክ።

አፍልቼልህም ነበር። ጌትዬ፣ እኔ ይህን ረስቼዋለሁ! ጨዋታው እንዳለቀ መጥቼ ግንባርህን ነካሁ፣ ዝንጅብል ወቅጬ አፈላሁልህ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁለት ብርጭቆ አጠጣሁህ። ዓመት ሙሉ ዞር በልን ይዤ ሻዩን ጥዬዋለሁ። እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ ሻዩን ሲያነሱ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ሲወርድ ተሰማኝ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ «ተመስገን» አልኩ።

ከዚያማ እትዬ ወጥተው «ወንድሜ ቢጠየቅ ይሄኛውን ነበር የሚመርጠው» ብለው ቲሸርቱን ከጥቁር ቀሚሳቸው በላይ ለበሱት። እሳቸው ከለበሱ ማን እምቢ ይላል? ሰው ሁሉ ለበሰ። ቄሱ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ይመስለኛል፣ ጸሎቱን ሲያደርሱ ከመጽሐፉ ላይ ቀና አላሉም። ደሳለኝ ሲሰማ በእፍረት ሊሞት ደረሰ፤ አንተን ያተመበት ሌላ ሠላሳ አመጣልኝ። በአንተም በሎጋውም ተንበሽብሻለሁ።

አሁን ጥቁሩን አውልቄያለሁ። ቴሌቪዥኑንም ከፈትኩት። ሎጋው ዘንድሮ የለም፣ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ የገባ ይመስለኛል፤ አልከፋኝም፣ በሰላም ይግባ። እሁድ እሁድ እትዬ ከቅዳሴ በቀጥታ ይመጡና ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። እሳቸውም መርጠዋል፤ ተጫዋች እንዳይመስልህ፣ ሽበታሙን አሰልጣኝ። «ጨዋ ነው፣ አይጮህም» ይላሉ። ሕጉ እስከዛሬ ለሁለታችንም አልገባንም።

እንደማልረሳህ ቃል ልሰጥህ መሰለኝ ብዕር ያነሳሁት፤ እሱስ መች ጠፍቶህ። ልነግርህ የፈለግኩት ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳስብህ የምትመጣብኝ ጀርባህን ሰጥተህ ወደ መኝታ ቤት ስትገባ ነበር። ከእንግዲህ የማስታውሰው ፊትህን ነው ጌትዬ፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጭህ ስበህ፣ ባዶውን ብርጭቆ ዘርግተህ «ድገሚኝ» ስትለኝ።

ያንተዋ አልማዝ