ሰናይት ያስነበበችኝ

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ከደብር ተመለስሁ። የገብርኤል ማኅሌት ጥሩ ወጣ፤ ድምፄ ግን ተዘግቷል። ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ በሩ ላይ ተገልብጧል። ሐይቁ ሞልቶ የዳሩን መንገድ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ መልኩ ጭቃ። ጠዋት ከሩቅ ተኩስ ነበር። ከተማሪዎቼ አንድም ቀና ያለ የለም። ለምደውታል። እኔም ለምጄዋለሁ መሰለኝ።

ደብተሬ፣ እስከ ዛሬ የአገልግሎት ተራና የዜማ ተማሪዎቼን ነገር ብቻ ነበር የምጭንብህ። ዛሬ የቤቴን ልንገርህ። ልጄ ሰናይት ታለቅሳለች። ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፍ ጭኗ ላይ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሳለች። ማን አስለቀሰሽ አልኋት። መጽሐፉ ነው አለች። አላመንሁም። የወንድ ነገር ጠረጠርሁ፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። መጽሐፉን ዘረጋችልኝ።

«ያንብቡትና ይፍረዱ።»

የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ከት/ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ለክረምት የተዋሰችው፤ እንዲህ ያለ አራት አላት። ተቀበልኋት። ስህተት ለመፈለግ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጨረስሁት። አልዋሽህም፣ አለቀስሁ።

ባለታሪኳ ዐይነ ስውር እናቷን የምትጦር ልጅ ናት። ት/ቤት አቋርጣ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለእናቷ ግን በየማለዳው ተማሪ መስላ ትወጣለች። እናትዮዋ ለካ ከመጀመሪያው ታውቃለች። ከእርምጃዋ ድምፅ። የት/ቤት ጫማዋ እንዳልሆነ። ዝም ያለችው ልጅቷ እንዳታፍር ብላ ነው። እዚህ ላይ መነጽሬን አወለቅሁ። ባለቤቴ አበባ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃዋን ጨርሳ ስትገባ አየችኝና ሰው ሞተ እንዴ ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ዕድሜዬን ሙሉ ቅኔ ስቆጥር የኖርሁ ሰው፣ በልጆች መጽሐፍ!

ጸሐፊው ግን አራት ነጥብ የት እንደሚገባ አያውቅም። በእርሳስ አረምሁለት። ሰናይት ተቆጣች፤ የት/ቤት ንብረት ነው። ላጲስ ይዛ ስታጠፋ አመሸች። እየሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ስወጣ አንድ ጨዋ ልጅ የሰፈራችን ሱቅ ጥግ ሞተር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰሞኑን እዚያ አይጠፋም። እኔን ሲያይ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እንዴት ዋሉ መርጌታ» አለ። እንዲህ ትልቅ ሰው የሚያከብር ወጣት ዛሬ የት ይገኛል? ጭንቅላቱን ዳስሼ መረቅሁት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ሁለተኛው ስለ ፍቅር ነው። አልቻልሁም። ልጁ በየገጹ በረጅሙ ይተነፍሳል። ሃያ ገጽ አንብቤ ለአበባ ሰጠኋት። እሷ ትናንት ጀምራ ዛሬ ጨረሰችው። የሳቅሁበት ቦታ ላይ ስታለቅስ አገኘኋት። ምን አገኘሽበት ብላት አንተ አይገባህም ብላ ወደ ፈረቃዋ ሄደች። እውነቷን ነው ይሆናል።

ሰናይት ሦስተኛውን ራሷ አምጥታ ትራሴ ላይ አኖረችው። ይህን ያንብቡ፣ ይህን ግን እስከ መጨረሻው አለች። አስተያየቷ እንደ ወትሮው አልነበረም።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ተናድጃለሁ።

አንድ ልጅ ከቤቱ ጠፍቶ ይሄዳል። የምትተርከው ታናሽ እህቱ ናት። አባትየው ስሙ በቤቱ እንዳይነሣ ይከለክላል። ልጁ አንድ ቀን ከባዕድ አገር ስልክ ይደውላል። አባት ቁጥሩን ያያል፣ አያነሣም። ከዚያ ወዲያ አልደወለም። አለቀ። መጽሐፉ አለቀ! አልተመለሰ፣ አልሞተ፣ ምንም። የመጨረሻውን ገጽ ገልብጬ ተቀድዶ እንደሆነ ፈለግሁ። አንባቢን እዚያ ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ጽሕፈት ነው?

ለሰናይት ይህንኑ ነገርኋት። እሷ ስለ ጸሐፊው አልጠየቀችኝም። እርስዎ አባቱን ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር አለች። ሳላስብ መለስሁ።

«ረግሜ እተወዋለሁ። ስሙንም አላስጠራ።»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደች። በቀስታ። ራቷን አልቀመሰችም። አበባ አሟት ይሆናል አለች። እኔም አሟት ይሆናል አልሁ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ዛሬም አልበላችም። ስልክ ታወራለች፤ ስገባ ትዘጋዋለች። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሌላ የምሠራው አጣሁ። ያንን የጠላሁትን መጽሐፍ መልሼ አነሣሁት።

ደብተሬ፣ በመጀመሪያው ንባብ ያላየሁት ነገር አለ። ልጁ ከመሄዱ በፊት አባቱ ዘንድ ሦስት ጊዜ ይመጣል። አንዴ አባትየው ጣራ ሲጠግን፤ አንዴ ከገበያ ሲመለስ፤ አንዴ ታሞ ተኝቶ ሳለ። በየጊዜው አንድ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል። አባትየው በየጊዜው ሥራ ያዝዘዋል። ሚስማር አቀብለኝ። በሬውን ውኃ አጠጣ። በሩን ዝጋው። ጸሐፊው ምንም አያብራራም። ጽፎት ያልፋል። እኔም አልፌው ነበር።

ሰናይት ሰሞኑን ስንት ጊዜ አጠገቤ መጥታ ቆማለች? ስንት ጊዜ መነጽሬን አምጪ ብያታለሁ?

ነገ አነጋግራታለሁ። ነገ ለምን? መብራቱ ሲመጣ። አይ፣ አሁን።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

በችኰላ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ታገሠኝ።

ትናንት አጠገቧ ተቀመጥሁ። የእሑዱን መልሴን መልሺልኝ አልኋት። አባቱን ብሆን አልረግመውም። ምን ሊለኝ ነበር የመጣው ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺም ልትነግሪኝ መጥተሽ እንደሆነ እየጠየቅሁሽ ነው።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ወጣ።

ትርንጎ የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ፣ ለትምህርት ከከተማው ዳር ዘንዘልማ ቤት ተከራይታ የምትኖር። አባቷ ከእንግዲህ ኪራይ አልከፍልም፣ ነይና ተዳሪ ብሏታል። አንድ ደላላ ዓረብ አገር አስገባችኋለሁ ይላቸዋል። በበረሃ፣ ከዚያ በባሕር። ሁለቱ ሐሙስ አብረው ሊሄዱ ተነጋግረዋል። የሰናይት ቦርሳ አልጋዋ ሥር ነው። አወጣችና አሳየችኝ። ሹራብ፣ የእናቷ ፎቶ።

ደላላው ያ ሞተር ላይ የሚቀመጠው ነው። ያ ጨዋ ልጅ።

ለምን አልኋት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ት/ቤቱ አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። እርስዎ ደብር ነዎት፣ እማዬ ፋብሪካ። ዓመቱን ሙሉ ምን እያሰብሽ ነው ያለኝ ሰው የለም፣ አባ።»

አበባ ከፈረቃዋ እስክትገባ ከአጠገቧ አልተነሣሁም።

ዛሬ በጠዋት ሦስታችን በሚኒባስ ዘንዘልማ ወረድን፤ ትርንጎን ወደ ቤታችን ልናመጣት። በማሳው መሃል በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች የጓሮ ክፍል ነው የምትኖረው። በሩ ተቆልፏል። የቤቱ ባለቤት፣ ትርንጎማ እናቴ ታማለች ብላ ትናንት ሄደች አሉን። ከማን ጋር? ሞተር ያለው ልጅ ነው የወሰዳት፤ ወንድሟ መሰለኝ አሉ።

ሐሙስን ሳይጠብቁ። ሰናይት ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ወድቃ አይደለም፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። አበባ ደግፋ አነሣቻት።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። ሰዓታቱን መራሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ቃሉ ጠፋኝ። ተማሪዎቼ ተያዩ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን። በደንብ አዳመጡን፤ የት እንዳለች ፍንጭ ካገኛችሁ ቶሎ ንገሩን አሉ። የትርንጎ ስልክ ዝግ ነው። ሱቁ ጥግ ሞተሩ የለም። ባለሱቁ አላውቀውም ይላል፤ ለስላሳ ይጠጣ ነበር፣ ሥራው እንጃ።

ጭንቅላቱን የዳሰስሁበትን እጄን አየዋለሁ። ምርቃቴን ከየት ልመልሰው?

አራተኛውን መጽሐፍ ጀመርሁ። አልገባ አለኝ። ተውሁት።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ትርንጎ ደወለች!

ከማይታወቅ ቁጥር። ሰናይት ድምፁን ከፍ አድርጋ ሁላችን ሰማን። ከደሴ ወዲያ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነኝ አለች፤ ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ፈራሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ሌሎችም ሴቶች አሉ፤ ስልካቸውን ተቀምተዋል፤ ይህ የምግብ አብሳይዋ ስልክ ነው። ድምፅዋ የአሮጊት ድምፅ ሆኗል። ሰናይት ተመለሽ ስትላት «አባቴ አይቀበለኝም» አለች። ከዚያ የወንድ ድምፅ። ተቋረጠ። መልሰን ስንደውል ዝግ።

ወዲያው ጣቢያው ሄድን። እዚያ ላለው ፖሊስ ደውለው ነገሩ። ልጅቷ ዕድሜዋ ስላልደረሰ ወላጅ ይዛችሁ ብትሄዱ ተቀብሎ ይመልሳታል፣ ባይሆን ብትገኝም ነገሩ ይጓተታል አሉን። ለአባቷ ደወልሁ። ስሟን ስጠራ ዘጋው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

አንበሳሜ ደርሼ መጣሁ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ግን ሁለት ቦታ አስወርደው ፈተሹን፤ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የትርንጎን አባት፣ አቶ ቢሆነኝን፣ ቤቱ ደጃፍ ታዛ ሥር አገኘሁት። የቃጫ ገመድ ይገምዳል። ነጭ ጥምጥሜን አይቶ ተነሣ፣ መቀመጫ አቀረበ። ስለ ልጅዎ ነው የመጣሁት አልሁት።

«የምን ልጅ? እኔ ልጅ የለኝም መርጌታ።»

ተመልሶ ገመዱን ያዘ። ቃሉ ከራሴ አፍ የወጣ ያህል ጆሮዬን አቃጠለኝ። ልቆጣው አልቻልሁም። ልገሥጸው፣ መጽሐፍ ልጠቅስለት ነበር የመጣሁት፤ የማውቀው ጥቅስ ሁሉ ጠፋኝ። ያነበብሁት ያ የልጆች መጽሐፍ ብቻ አፌ ላይ መጣ። ነገርሁት። ሚስማሩን፣ በሬውን፣ በሩን። ስልኩን። ቀና ሳይል ሰማኝ፤ እጁ አላረፈም።

«ልጁ ተመለሰ?» አለ።

«አልተመለሰም። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«ታዲያ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር።»

ጥቂት ገመደ። ከዚያ ገመዱ ከእጁ ተፈታ፤ የጀመረው ሁሉ ተተረተረ፤ አላየውም። ወር ሙሉ ትደውል ነበር አለ፣ ወደ መሬት እያየ። እርሻ ላይ ነኝ እያልሁ እዘጋባት ነበር። ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣራ፤ ሚስቱ ጋቢውን እንድታወጣለት። እናትዮዋ ጋቢውን ይዛ ስትወጣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሁሉን ሰምታለች።

አብረን ተመለስን። አሁን እኛ ቤት ሳሎን መደቡ ላይ ተኝቷል። ቢተኛም ዐይኑ ክፍት ነው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ

ነገ በጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሄዳለን፤ እኔና አቶ ቢሆነኝ።

ለደብሩ አለቃ ነገርኋቸው። በሱባኤ? መሪ በሌለበት? አሉ። አልፈቀዱልኝም፤ አልከለከሉኝምም። እሄዳለሁ።

ስልኩ ከዓርብ ጀምሮ ዝግ ነው። እዚያ ያለው ፖሊስ ግቢውን ደርሰንበታል፣ ሰው ግን አላገኘንበትም፣ አካባቢውን እየፈለግን ነው ብሏል። ይህን ለአቶ ቢሆነኝ እስካሁን አልነገርሁትም። መንገድ ላይ እነግረዋለሁ። ብነግረውም ከመሄድ አይቀርም፤ ዛሬ ጫማውን ሁለት ጊዜ ሲጠርግ አየሁት።

አበባ ዳቦ ጋግራለች። ሰናይት ቆሎ በፌስታል ቋጥራ አመጣችልኝ። አጠገቤ ቆመች፤ አፏን ከፈተች። ምንም አላዘዝኋትም። ጠበቅሁ።

ትርንጎ ብቻዋን የሄደችው እኔ ለእርስዎ በመንገሬ ነው አለች፤ ማክሰኞ ማታ አባ አወቁ ብዬ ደውዬላት ነበር። አብሬያት ብሆን ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ፣ አንዳንዴ። ይህን የምልዎት እንዲያውቁት ነው።

አወቅሁ አልኋት። ቦርሳዋ አሁንም አልጋው ሥር ነው። አይቼዋለሁ። እንደማልነካው ነገርኋት። በር እንደማልቆልፍባትም። እናትሽን ብቻ አደራ።

«እርስዎ እስኪመለሱ የትም አልሄድም» አለች።

እስክመለስ ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያ ስላለው አልጠየቅኋትም፤ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ መልሱን ፈራሁ። ትርንጎን ባገኛትም ባላገኛትም ተመልሼ እጠይቃታለሁ። በመጀመሪያው ቀን። ጫማዬን ሳላወልቅ።