ሠላሳ አራት ደብተር ስለሰበሰቡልን

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
አቼ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ጉንፋን እስኪያስይዝ ለሚያቀዘቅዘው ቢሮዎ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሠላሳ አምስት ሆነን ስንቀቀል፣ ከእርስዎ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሌም ቀዝቀዝ ብሎ ስለሚደርሰን ከልብ እናመሰግናለን።

አንደኛ፤ «የሰው ልጅ ፍልሰት» የተባለው ምዕራፍ በካርታ ላይ ባሉ ቀስቶች ብቻ እንዲሰጥ፣ ተማሪዎችም ከማንም ስደተኛ እንዲርቁ ስላዘዙ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሆኖም ትእዛዝዎ ለመጣሱ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ምዕራፉን በጀመርን በሦስተኛው ቀን፣ ከበርማ የሸሹ ሰማንያ የሮሂንግያ ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ያለ ጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ አሸዋው ላይ ወጣች። ዓሣ አጥማጆቻችን ሕፃናቱን በትከሻ ሲያወርዱ ተማሪዎቼ በመስኮት ያዩ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ዙህራ፣ የታላቅ ወንድምዎ ልጅ፣ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ አገራቸው አርፈው አይቀመጡም እንዴ? ገፍቶ መመለስ ነው!» አለች። ክፍሉ አጨበጨበላት።

እኔም የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ እቤታችሁ ያሉ ትልቅ ሰው ፈርተው ከቤታቸው ሸሽተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ አልኩ።

ሁለተኛ፤ መልሱ ለመማሪያ መጽሐፉ እጅግ የማይመች ሆነ። ከሠላሳ አራቱ ሃያ ዘጠኙ የሸሸ ሰው እቤታቸው አገኙ። ዙህራ ከአያቷ፣ ማለትም ሁላችን ኔክ (አያት) ከምንላቸው ከእናትዎ ከሳውዳ አፍ የጻፈችውን ስታነብ ድምጿ እየወረደ ሄደ። «በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮቹ እዚሁ አቼ ጎረምሳ ሲለቅሙ፣ ትንሹን ልጄን ጀልባ ውስጥ ከመረቡ ሥር አስተኝቼ ባሕር ማዶ ወዳለችው ፔናንግ ሰደድኩት። ማስመለስ ሲመጣብህ ንከሰው ብዬ መሐረቤን ሰጠሁት፤ ድምፁ ከተሰማ ጀልባዋ ላይ ያሉት አሥራ አንዱም ማለቃቸው ነው።» ከኋላ አንዱ «ልጅየው ማን ነው?» ሲላት ደብተሯን ዘግታ «አጎቴ» አለች። ያጨበጨበ አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ወሬው በደረሰዎ ማግስት ተቆጣጣሪ ልከው ደብተሮቹን በሙሉ ስላስሰበሰቡልን እናመሰግናለን፤ አርመው እንደሚመልሱልን አንጠራጠርም። ዙህራ ግን የእሷን ደረቷ ላይ አጥብቃ «የአያቴ ቃል ነው፤ አልሰጥም» ብላ አስቸገረች። ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ? ታዝዤ ነው» አሏት። «ማን አዘዘዎት?» አለች። ስምዎን ሲነግሯት እጇ ላላ፤ ደብተሩንም ራሷ አቀበለቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ትምህርት እንዲህ ባንዴ የገባው ተማሪ አላየሁም፤ ለዚህም ባለውለታዬ ነዎት።

ደብተሮቹ በተወሰዱ በሁለተኛው ቀን ኔክ ሳውዳ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ዘበኛው «እማማ፣ ሰው አታስገቡ ተብለናል» ቢላቸው «የወሰዳችሁት ደብተር ነው፤ አፌ እዚሁ አለ» ብለው አለፉት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩልን። ሲጨርሱ ዙህራ ክንዳቸውን ደግፋ፣ ክፍሉ ሁሉ ተከትሎ ባሕሩ ዳር ወደተተከሉት የስደተኞቹ ድንኳኖች ወረድን። ዙህራ ለአንዲት ስደተኛ እኩያዋ ጫማዋን አውልቃ ሰጠቻትና በባዶ እግሯ ተመለሰች። የደንብ ልብስ ጉድለት ስለሆነ ሳልደብቅ ሪፖርት አድርጌያለሁ።

አራተኛ፤ የዝውውር ደብዳቤዬ ደርሶኛል። ከሰኞ ጀምሮ የማስተምርባት ደሴት በጀልባ አምስት ሰዓት ትርቃለች። ሰው ሳይወድ ከቤቱ የሚነሣበትን ምዕራፍ በተግባር እንዳስተምር ስላሰቡልኝ አላህ ይስጥልኝ።

በጽሕፈት ቤትዎ ቸርነት ዘወትር የምትገረም፣ ለሹመትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማስታወስ ችሎታዎም ፈውስ የምትለምን፣ እስከ ዓርብ ድረስ የዚህ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት፣
ሙቲያ ራህማኒ

ማስታወሻ፤ እናትዎ አንድ ጥያቄ አደራ ብለውኛል። ፔናንግ ላይ ከፖሊስ ደብቃ አራት ዓመት ያኖረችዎትን ሴት በየስግደታቸው ያነሷታል፤ «ስሟን ግን ልጄ አንድ ቀንም ነግሮኝ አያውቅም» ይላሉ። ያስታውሱት ይሆን?