በሩ ላይ ታፔላ ለሌለው ቢሮ

ቡታጅራ፣ መጋቢት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ባለ አረንጓዴው በር ግቢ ውስጥ ለሚሠራው፣ ስሙን ለማናውቀው ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም አንድ ብርጭቆ ሻይ አዝዘው እስከ ምሳ ሰዓት የሚያዳምጡን ታታሪ ሠራተኞችዎ በደህና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን አሰነባበት ክቡርነትዎ ከእኔ ይልቅ ስለሚያውቁት በመዘርዘር ጊዜዎን አልሻማም። ደብዳቤውን በፖስታ ሳላሽግ በአደባባይ ያወጣሁትም ለመክፈት እንዳይደክሙ አስቤ ነው።

እኔ በዚህ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ታፔላ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የመድኃኒት ቤቱን፣ የጸጉር ቤቱን፣ የበርበሬ ወፍጮውን፣ የምጸልይበትን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያልጻፍኩት የእርስዎን ቢሮ ብቻ ነው። ከታፔላው ጎን ለጎን ለቸገረው ሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፤ የዛሬው ጉዳዬም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

መሥሪያ ቤት ቁጥር ስለሚወድ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በከተማችን የሚያነብ ሰው ጠፋ እየተባለ በሚታማበት በዚህ ጊዜ፣ እኔና አንድ የማላውቀው ሰው በፌስቡክ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተከራከርነውን ቢሮዎ አንዲት ፊደል ሳያስቀር አንብቦ፣ ትምህርት ቤቱ ለፈተና ባጣው ወረቀት ላይ አትሞ በፋይል እንዳስቀመጠው ስሰማ ኮርቻለሁ። ክርክሩ የተነሣው አንድ ሰው ሕንዶች ማርስ ድረስ መንኮራኩር መላካቸውን ለጥፎ «እኛስ ሳተላይት ያስፈልገናል ወይ?» ብሎ በመጠየቁ ነው። እኔ «ዝምተኛው» በሚል ስም ተሸሽጌ፣ መጀመሪያ የቧንቧ ውሃችን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ይምጣ አልኩ። እሱ ደግሞ «የጥያ ድንጋይ» በሚል ስም፣ ሰማይ የማያይ ገበሬ መቼ እንደሚዘራ አያውቅም አለ። እንዲህ ስንባባል ሳተላይት ጣሪያችንን አልፎ ጓዳችንን ያያል ወይስ አያይም ወደሚለው ገባን። ያን ጊዜ ነው አንዳችን «እኛን ለማየት ሳተላይት ምን ያደርጋል? አንድ ለአምስት አለን አይደል እንዴ» ብለን የጻፍነው። የማን ጽሑፍ እንደ ሆነ እመለስበታለሁ።

2ኛ. የሰውን ምስጢር መጠበቅ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ ከሥራው ትልቁን ድርሻ የሠራሁት እኔ ስለ ሆንኩ ግን ይህን ምስጋና እንካፈለው። «የጥያ ድንጋይ» አንድ ቀን በክርክሩ መካከል፣ መስቃን ያሉት አያቱ የበርበሬ ችግኝ የሚያፈሉበትን ወቅት በኮከብ እንደሚለዩ ጻፈ። ቀጥሎም አንድ ታፔላ ጸሐፊ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ፕላኔቶችን ሲሥል የሳተርንን ቀለበት ቢረሳ፣ ከወረደበት መሰላል ላይ መልሶ እንዳወጣው አጫወተን። መሰላሉ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያወጣኝም የትምህርት ቤቱ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሙባሪክ ሸረፋ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ የማን ልጅ ነህ፣ ከየትኛው ቤት ነህ፣ አባትህን አውቃቸው ይሆን ሳይባባል አይለያይም። ደስታ አቅሌን አሳተኝና ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ «አንተ የሸረፋ ልጅ ሙባሪክ አይደለህም እንዴ! የላብራቶሪው! አባትህ ደህና ናቸው?» ብዬ ጻፍኩለት። እሱ «ተሳስተሃል ወንድሜ» ቢለኝም አልተውኩትም፤ እንዳይጠፋኝ ብዬ ሠፈሩን ጨመርኩበት። የራሴን ስም ግን አልጻፍኩም። በማግስቱ ባጠፋውም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማየት ያለበት ሁሉ አይቶት ነበር።

3ኛ. በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰዎችዎ ላብራቶሪው ድረስ ሄደው፣ ነጭ ጋውኑን እስኪያወልቅ በትዕግሥት ጠብቀው ስለ ወሰዱት አመሰግናለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከአሮጌ ካሜራ መስተዋት በሠራው ቱቦ ጨረቃን ሊያዩ ቀጠሮ ይዘው ነበር። አሁን ዓይናቸው ወደ መሬት ተመልሷል። ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው።

4ኛ. ብዬ ነበር፤ ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ አለቀ።

ባለፈው ማክሰኞ የሙባሪክ ባለቤት ባሂራ አቤቱታ አጽፋ ልትወስድ ሱቄ መጣች። ምግብ አድርሳ የመለሰችውን የምሳ ዕቃ በእጇ እንደ ያዘች፣ ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። «ጋሽ ኤፍሬም፣ ሦስት ወረቀት አሳይተውታል። ሁለቱን የእኔ ነው ብሏል፤ ሦስተኛውን ግን ወላሂ አልጻፍኩም፣ ዝምተኛው የሚሉት ሰው ነው የጻፈው ይላል። እርስዎ ብዙ ሰው ያውቃሉ፤ ማን ይሆን?» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ የእርስዎ ሰዎች ብዙ ዓይነት ጥያቄ እንደሚያውቁ እሰማለሁ፤ እንደዚህ ያለ ከባድ ጥያቄ ግን ያላቸው አይመስለኝም። «አላውቀውም እህቴ» አልኳት። ከዚያም ብዕሬን አንስቼ፣ በሚመሰገነው ጽሑፌ «ባለቤቴ ንጹሕ ሰው ነው» ብዬ ጻፍኩላት። እሷም «አላህ ይስጥልን፣ ከክፉ ይጠብቅዎ» ብላ መርቃኝ ሄደች። ፈርቼ ነው የዋሸኋት፤ አሁንም እፈራለሁ፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን ኀፍረቴ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ያን የሐሰት ስም ያወጣሁት ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ነበር። ዝንቡ የሰው አፍ ውስጥ ገባ። ስለዚህ በፋይልዎ ውስጥ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለው የአንድ ለአምስት ቀልድ የእኔ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። ሙባሪክ ከሥሩ ሳቀ እንጂ አልጻፈም። መሳቅም የሚያስጠይቅ ከሆነ፣ እስከ የትኛው ቀልድ ድረስ እንደሚፈቀድ ቢነገረን በትልቅ ፊደል ጽፌ አደባባይ ላይ እሰቅለዋለሁ።

እሱን ባጋለጥኩበት ልክ ራሴንም ላጋልጥ። የማን ልጅ ነህ ለሚለኝ የገሠሠ ልጅ ነኝ፤ ትውልዴ ቸሃ ነው። ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ቤቴም ሱቄም ከበርበሬ ተራው ከፍ ብሎ፣ ቀይ ታፔላ ያለበት ነው። በእስር ቤቱ ቦታ ጠቦ እንደ ሆነ የሙባሪክን ቦታ ለእኔ ይልቀቁልኝና እሱ ወደ ተማሪዎቹ ይመለስ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ጆሮዎ ሳይደክም፣ ፋይልዎ ሳይሳሳ፣ ሻይ ቤቶቻችንም ያለ ሠራተኞችዎ ሳይቀዘቅዙ ብዙ ዘመን እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ እስከ ትናንት ድረስ ዝምተኛው የነበርኩ፣

ኤፍሬም ገሠሠ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ባሂራ (በእጄ፣ ፊቷን እያየሁ የምሰጣት)
ለዚያው የክርክር ገጽ
ለሱቄ በር

ማስታወሻ፦ የባሂራ አቤቱታ ጠረጴዛዎ ላይ ይገኛል፤ የእጅ ጽሑፉን ከዚህኛው ጋር ያስተያዩት፣ «አላውቀውም» ያላት ሰው እጅ ነው። ሰዎችዎ ሊወስዱኝ ሲመጡ ቀለምና ብሩሼን አዘጋጅቼ እጠብቃቸዋለሁ። ባዶው ደጃፋችሁ ላይ ታፔላ ልጽፍላችሁ ነው፤ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከተማውን ሁሉ ብጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁምና እናንተው ንገሩኝ። እኔ ስሜን ጽፌአለሁ፤ ተራው የእናንተ ነው።