ዝናብ የሚጠጣው ጠጠሬ

ሐምሌ 6፣ ጠዋት
ሲዘንብ አደረ። የጎረቤት ማሳ ውሃ ተኝቶበታል። የኔ ላይ ጠብታ የለም። ጠጠር ነው፣ የወረደበትን ሁሉ ይውጣል። ስፈታ የባሌ ወንድም ይማም ከመሬቱ ከፍሎ የሰጠኝ ይኸን ነው። ጥቁሩን አፈር ለነሱ። ላንቺ ይበቃል አለኝ። ደብተሬ፣ አልረሳሁም።
ዛሬ አንድ ነጋዴ መጣ። ጠጠሩን ለግንባታ ሊጭነው ይፈልጋል። ዋጋው ጣራዬን ቆርቆሮ ያለብሳል። ደስ አለኝ።

ሐምሌ 8፣ ከት/ቤት መልስ
የጎልማሶች ክፍል። መ/ር ዘይነባ ሁለት ታቻቸው የተበሳ ጣሳዎች አመጣች። ባንዱ ጠጠር፣ ባንዱ ጭቃ። ውሃ አፈሰሰችባቸው። ጠጠሩ ወዲያው አሳለፈው። ጭቃው ላይ ተኛ። ከመሬት ሥርም እንዲሁ ነው አለች፤ ዝናቡ በጠጠሩና በስንጥቁ ድንጋይ መሀል ይጠራቀማል፣ ጭቃ ሲያግደው ወደ ጎን ሄዶ ከተዳፋቱ ግርጌ ይመነጫል። እኔ የመንደራችን ምንጭ ከሐይቁ ነው የሚመጣ አልኩ። እትዬ ሀዋ፣ ሐይቁ ከኛ በታች ነው፣ ውሃ ዳገት ይወጣል ወይ አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።
ከምንጩ በላይ ያለው መሬት የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ሐምሌ 9
ማሳዬ ላይ ቆሜያለሁ። ምንጩ ከሥሬ ነው። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ፈት እያሉ ሲያሙኝ የኖሩ። በግንቦት የሚጠጡት ያምናና የካቻምና ክረምት ነው፣ በኔ ጠጠር የገባ። ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።
ጠጠሩ ከተጫነ የሚቀረው ጭቃ ነው። ዝናቡ አይገባም፣ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። ይጠሙ አልኩ። ልጆቻቸውን አየሁ።
ለነጋዴው ደውዬ ተወው አልኩት። ጣራዬ ዘንድሮም ያፈሳል። ለማንም አልነገርኩም።

ሐምሌ 12፣ ከጁምዓ በኋላ
የነጋዴውን ወሬ ሰምተው ሽማግሌዎች ወደኔ ወጡ። ይማም ከፊት። እትዬ አለኝ፣ በዕድሜ እየበለጠኝ። ስለ አላህ አትሽጪው ይላሉ። መወሰኔን አያውቁም። ተቀመጡ አልኩ። ደጋግመው እስኪለምኑኝ ጠበቅሁ። ይማም ሊቀልድ ፈለገ፤ ይኸን ድንጋይ ማን ይገዛዋል አለ። አያ ይማም፣ መርጠህ የሰጠኸኝ እኮ ነው አልኩት። አቀረቀረ። የቀሩት ሳቃቸውን በጋቢ ሸፈኑ።
ከዚያ ነገርኳቸው። አልሸጥም። ግን ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ጠጠሩን እየጠረገው ነው፤ እርከን ይሠራ፣ ውሃ ማቆሪያ ይቆፈር፣ በመንደሩ ጉልበት። ተስማሙ። ይማም ልጆቼን እልካለሁ አለ። እምቢ አልኩ። ሰኞ ራሱ ይመጣል፣ አካፋ ይዞ።