ከፕሮግራም ውጪ ስለተፈጸመ መንቀጥቀጥ

ለተከበሩ አቶ ወልደጊዮርጊስ
የብሎክ 23 ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ቦሌ ቡልቡላ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት፣ እንዲሁም በሳሎንዎ ቡፌ ውስጥ የሚኖሩትን የሃያ አራት ብርጭቆዎች ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከቤትዎ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖረው ፍትዊ ግርማይ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በደረጃው መግቢያ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ ሳይሆን፣ እኔን የሚመለከቱ ደብዳቤዎችን ሁሉ እዚያው ስለሚለጥፉ፣ ያቆሙትን ሥርዓት እንዳላፈርስ ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ጥቂት ላስረዳ። እኔ በቦሌ ትልልቅ ሕንጻዎች ሊፍት ስጠግን ውዬ፣ ማታ ሊፍት ወደሌለው ቤቴ አራት ፎቅ በእግሬ የምወጣ ሰው ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ በሦስት ዓመት ውስጥ መንዳትንና ማብረርን የሚያስመስል አንድ ማሽን ሠርቻለሁ። ወንበር አለው፣ መሪ አለው፣ ፔዳል አለው፤ ፊት ለፊቱ ሦስት ስክሪን ተደርድሯል። ከወንበሩ ሥር ያሉት አራት ሞተሮች፣ በስክሪኑ ላይ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ወንበሩን ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ ጉድጓድ ሲገባ ያነጥራሉ። መሪው ተነሥቶ የአብራሪ መዘውር ሲገጠምለት ደግሞ ያው ወንበር አውሮፕላን ይሆናል።

አሁን ያለበት ደረጃ ላይ በአንድ ቀን አልደረሰም። መጀመሪያ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን የታሰረ መሪና ፔዳል ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከሶማሌ ተራ የተጋጨ የቪትዝ መኪና ወንበር መጣ። ገርጂ ያለው በያጅ ኃይለኪሮስ ከካሬ ብረት ፍሬም ሠራልኝ፤ እየበየደም የምን አልጋ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ከድሮ ላዳ ታክሲዎች የተፈቱ የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ነበሩ፤ ውሃ መጥረግ እንጂ ሰው መሸከም ስላልለመዱ፣ አባቴ በተቀመጡባቸው በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ተቃጠሉ። ዛሬ ያሉት ከአንድ ሕንጻ የሊፍት በር ላይ ተነቅለው ሊጣሉ ሲሉ አስፈቅጄ ያመጣኋቸው ናቸው።

አባቴን ካነሣሁ አይቀር፣ ማሽኑ የእኔ ቢመስልም የሳቸው መሆኑን ልናገር። አባቴ አቶ ግርማይ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት የግራ ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ጭነት በዓይን መገመት ሥራቸው ሆነ። መሪና ፔዳል ብቻ የነበረውን አስሞክሬያቸው ነበር። መሪው ጥሩ ነው፣ መሬቱ ግን ዝም ይላል አሉኝ። እንግዲህ ሞተር ፍለጋ ያስወጣኝ ይህ ንግግራቸው ነው። አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ጃኬታቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ፤ በማያውቁት በኦስትሪያ ተራራ ላይ በየኩርባው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ መክፈያ ጣቢያ ሲደርሱ ሞተር አጥፍተው የመኪናውን ሰነድ ፍለጋ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ይህን ያህል አስፋልት ተሠርቶ አንድ ሻይ ቤት አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይደንቃቸዋል። እንዲህ ሆነው ሳያቸው ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ፣ ወይም በማኅበራችን ቋንቋ ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

አንደኛ። በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያዎ ከቤቴ የአውሮፕላን ድምፅ እንደሚሰማ ገልጸው፣ ነዋሪው እንዳይረበሽ በማሰብዎ አመሰግናለሁ። የምንኖረው ከአየር ማረፊያው ጎን ስለሆነ በቀን ከጣሪያችን በላይ የሚያልፉትን እውነተኛ አውሮፕላኖች ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም። ከእነዚያ ሁሉ መካከል የእኔን፣ ያውም ከሽሮ ድስት ያነሰ ድምፅ ያላትን፣ ለይተው መስማትዎ የጆሮዎን ጤንነት ስለሚያሳይ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። ከማስጠንቀቂያው ወዲህ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማበርረው።

ሁለተኛ። እውነቱን ለመናገር ማሽኑ መጀመሪያ ላይ ወለሉን ያንቀጠቅጥ ነበር። ብርጭቆዎችዎ እንደተንጫጩ ሲነግሩኝ አልተከራከርኩም፤ አሮጌ የሚኒባስ ጎማ ቆርጬ ከፍሬሙ እግሮች ሥር አደረግሁ፣ ከጎማውም ሥር ሁለት ስጋጃ ደረብኩ። ችግሩ ተቃለለ፤ እርስዎ ግን መቃለሉ በጽሑፍ መሆን አለበት አሉ። ስለዚህ የመንቀጥቀጥ ፕሮግራም እንዳቀርብ ታዘዝኩ፤ አቀረብኩ። አባቴ ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት፣ እኔ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ አንድ፤ የእድር ስብሰባ ያለበት ቀንና በዓላት አይጨምርም። እርስዎም ማህተምዎን ከደረት ኪስዎ አውጥተው፣ ከተቋጠረበት መሐረብ ፈትተው፣ ሁለት ጊዜ እፍ ብለውበት አተሙልኝ። በሀገራችን በማህተም የተረጋገጠ የመንቀጥቀጥ ሰዓት ያለው ሕንጻ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ያን ቀን ኮርቼ ነበር።

ሦስተኛው የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ የሆነው ነው። በአዋሽ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ስለዚያው ሲያወራ የከረመበት ሰሞን ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እንደሚያስታውሱት፣ በብሎካችን መብራት የለም። አባቴ ከቤታችን ወንበሮች ሁሉ የሚመቻቸው የማሽኑ ስለሆነ፣ በድን ሆኖ በቆመው ማሽን ላይ ተቀምጠው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ይሰማሉ። በዚህ መካከል ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ወለሉ፣ ቀጥሎ ግድግዳው። አባቴ ሬዲዮውን ቀነስ አድርገው፣ ይሄ የእኛ አይደለም አሉኝ።

ክንዳቸውን ይዤ በደረጃው ስወርድ በየበሩ እያንኳኳሁ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ውጡ ብዬ ጮኽኩ። ከየቤቱ የመጣልኝ መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ አንተው አጥፋው አሉኝ። አንደኛው ጎረቤታችን በሩን ሳይከፍቱ፣ እዚህ ቆመህ በምትጮህበት ጊዜ ማጥፋት ትችል ነበር ሲሉ መከሩኝ።

እርስዎም በዚያው ደቂቃ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ፣ ነዋሪዎች አትደናገጡ፣ የፍትዊ ማሽን ነው፣ ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ኮሚቴው እርምጃ ይወስዳል የሚል መልእክት ላኩ። ሕንጻ ከግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ ይህን ያህል የተረጋጋ ጽሑፍ ማውጣት ለማንም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ሸሪፋ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው የደረጃው ግማሽ ደርሰው ነበር። ስልካቸው ጮኸ፤ መልእክትዎን አነበቡ፤ ልጆቻቸውን አዙረው ሽቅብ ሲመለሱ ከእኔና ከአባቴ ጋር ተላለፍን። ብለምናቸው፣ ሊቀመንበሩ አትውጡ ብለዋል እኮ አሉኝ። ትንሿ ልጅ አንድ እግሯ ባዶ ነበር። ለዚህ አንቀጽ ምስጋና ለማቅረብ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ የስድስት ብሎክ ሕዝብ በፒጃማና በነጠላ ወጥቶ ቆሟል። የብሎክ 23 ሰው ግን በየበረንዳው ተደርድሮ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ሆኖ እንደወጣ በመገረም ይመለከት ነበር። እርስዎ ከሦስተኛ ፎቅ የስልክዎን መብራት ፊቴ ላይ እያበሩ፣ ቶሎ ወጥቼ እንዳጠፋ ያዝዙኝ ነበር። አጠገቤ የቆመ አንድ የብሎክ 19 ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ምን ቢያምኑ ነው የማይፈሩት ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎን ነው የሚያምኑት ማለት አሳፈረኝ። መሬቱ በራሱ ጊዜ ጸጥ አለ፣ ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ግን በግሩፑ ላይ ኮሚቴው ሁኔታውን በቁጥጥር ሥር አውሏል የሚል አነበብኩ።

በአራተኛ ደረጃ ያዘጋጀሁት ስለ ውሃ ሮቶው ነበር። አባቴ ረቂቁን ሲያዩ፣ ጭነት አታብዛ ብለው አስወጡት።

አምስተኛ። ከአምስት ቀን በኋላ የደረሰኝ ውሳኔ እንዲህ ይላል። ነዋሪው ከጸደቀለት ፕሮግራም ውጪ መንቀጥቀጥ በመፈጸሙ፣ የሌሎች ብሎኮችን ነዋሪዎች አስደንግጦ ወደ ሜዳ በማስወጣቱ፣ ድርጊቱን ከፈጸመም በኋላ አዛውንት አባቱን ይዞ ከስፍራው በመሸሹ፣ ማሽኑን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነቅሎ ከሕንጻው ያስወጣ። መብራት በሌለበት ሰዓት ማሽኑ በምን እንደሠራ በትሕትና ብጠይቅ፣ በተጠራቀመ ኃይል የሚል ቃል በቃለ ጉባኤው ላይ ተጨምሮ ጠበቀኝ። ሬዲዮው ከአዋሽ ተነሥቶ መጣ ያለውንና ከተማውን ሙሉ ያስወጣውን መንቀጥቀጥ፣ እርስዎ ከአራት የሊፍት በር ሞተሮች ጋር ስላገናኙት፣ በሙያዬ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት አላገኘሁም። አሠሪዬ ግን የውሳኔውን ፎቶ ኮፒ አይቶ የደመወዝ ጭማሪዬን ሊያስብበት ሲገባ፣ ሳቀ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፤ መሬትን ጠርቶ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደማይመች እረዳዎታለሁ።

ውሳኔውን አክብሬያለሁ። ትናንት ፈትተን አስወጣነው። አባቴ መፍቻ እያቀበሉኝ፣ ብሎኖቹን በየመጠናቸው በወተት ጣሳ እየለዩ ረዱኝ። ኬላ ተመለስ ካለ መመለስ ነው አሉ። ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ተነሥተው ክፍሉ በር ድረስ ሄዱና፣ የሚያደርጉት ስላጡ ተመልሰው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፤ የተሰበረ ነገር ሳይ የት ጋ እንደተሰበረ አውቃለሁ። ይህንንም አውቃለሁ፣ የምጠግንበት መሣሪያ ግን በእርስዎ ኪስ መሐረብ ውስጥ ነው።

የምለምንዎ አንድ መስመር ብቻ ነው። በዚያው ግሩፕ ላይ፣ ያን እሑድ የተንቀጠቀጠው መሬት ነው ብለው ይጻፉልን። መሬት ከሆነ እኔ ፕሮግራም አልጣስኩም፤ ፕሮግራም ካልጣስኩ ማሽኑ የሚወጣበት ምክንያት የለም፤ አባቴም ጃኬታቸውን ለብሰው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ሌላውም ነዋሪ በሚቀጥለው ጊዜ ወለሉ ሲንቀሳቀስ እኔን ከመስደብ ጫማውን ማድረግ ይቀለዋል። መጻፉ ክብርዎን የሚነካ ከመሰለዎት፣ መሬቱ ያለ ፈቃድ በመንቀጥቀጡ ኮሚቴው በጥብቅ አውግዞታል ብለው ሊያክሉበት ይችላሉ፤ እኔ በደስታ እፈርማለሁ።

ረጅም ዕድሜን፣ ጽኑ መሠረትን፣ የማይደርቅ የማህተም ቀለምን እየተመኘሁ፣ ከራስዎ በላይ እየኖርኩ ራሴን ከእግርዎ በታች የማስቀምጥ፣ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ፍትዊ ግርማይ
ብሎክ 23፣ አራተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሕንጻው እንደገና ተወዛወዘ። እኔ ማስቲሽ ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ የሆነውን አባቴ ነገሩኝ። እርስዎ አጥፉት ሊሉ ደረጃውን እየሮጡ ወጥተው በራችንን ደበደቡ፤ አባቴም ከፍተው ባዶውን ክፍልና ወለሉ ላይ የቀሩትን አራት የጎማ ቁራጮች አሳዩዎት። ተመለከቱና ከአባቴ ቀድመው እስከ ሜዳው ድረስ ወረዱ። በሰላም በመውረድዎ ከልብ ደስ ብሎኛል። አባቴ ሲወርዱ የወይዘሮ ሸሪፋን በር አንኳኩተው ነበር፤ ወይዘሮዋ ግን፣ ሊቀመንበሩ እስኪጽፉ ብንጠብቅ ይሻላል አሏቸው። አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል፤ እርስዎ አሁንም ሜዳው ላይ ነዎት፣ እሳቸው ከነልጆቻቸው ሁለተኛ ፎቅ ናቸው፣ በግሩፑ ላይም እስካሁን ምንም አልተጻፈም።