ሰባት ቀን ያልሞላቸው አዝራሮች
የአቶ ሳህሌ ካሳሁን የሕይወት ታሪክ

አቶ ሳህሌ ካሳሁን ከአባታቸው ከአቶ ካሳሁን ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉአለም ተገኝ በ1951 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለዱ። በጎንደር በነርስነት ተመርቀው በደሴ ለዓመታት አገለገሉ። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ትዕግስት ሰብሐት ጋር ተጋብተው ኑሃሚንንና ኢሳያስን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዲቪ ደርሷቸው አትላንታ ገቡ። ዳውንታውን ፓርኪንግ እየሠሩ ተምረው በ2008 የሐኪም ረዳትነት ፈቃድ አገኙ። የወንድማቸውን የአቶ ግሩምን ልጅ መነንንም አስመጥተው፣ በሊልበርን ቤታቸው ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉ።

ወደሚሠሩበት ክሊኒክ ትግልና ራግቢ የሚጫወቱ ስፖርተኞች ጆሯቸው ደም ቋጥሮ ይመጡ ነበር። አቶ ሳህሌ ደሙን በመርፌ ያወጡና ተመልሶ እንዳይሞላ ከጆሮው ፊትና ኋላ የሸሚዝ አዝራር ይሰፉበታል። አዝራሩ ሰባት ቀን አይነካም። በዚህ ቀልድ አያውቁም፤ ለውድድር ሲል ቀድሞ ያወለቀውን አንድ ግዙፍ ታጋይ ተቆጥተው አስለቅሰውታል። ወይዘሮ ትዕግስት የቤቱን ሸሚዝ ሁሉ ጨረሱብን እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቤት ውስጥ ግን እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ።

በሜይ 2013 ኢሳያስ ትግል ላይ ጆሮውን ተመታ። አባቱ በገዛ እጃቸው አክመው አዝራሩን ሰፉለት። በአራተኛው ቀን የመነን ሠርግ ነበር፤ ኢሳያስም ሚዜ። አቶ ሳህሌ በሠርጉ ጠዋት አዝራሩን ፈቱት። በማግስቱ ጆሮው እንደገና ሞላ፤ ውሎ አድሮም አመረቀዘ፣ ጠጠረ። ሁለት ጊዜ ኦፕሬሽን ቢደረግለትም ቀዳዳው ጠበበ፤ ዛሬ በዚያ ጆሮ አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሳህሌ መርፌ አልያዙም። ክሊኒኩን ትተው ወደ ፓርኪንጉ ተመለሱ። ኢሳያስ ምንም አልተቀየምኩም እያለ ቢለምናቸውም አልተጽናኑም። ለምን ፈቱት ተብለው ሲጠየቁም ጥፋቱ የእኔ ነው ይሉ ነበር።

በ2017 ስትሮክ አንደበታቸውን ያዘው። ኢሳያስ አልጋው አጠገብ ሲቀመጥ በደህናው እጃቸው ያንን ጆሮ እንደ አዝራሩ ከፊትና ከኋላ በሁለት ጣት ይዘው ይጫኑት ነበር። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2018 በተወለዱ በ59 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እኔንም። ይህን የጻፍኩት መነን ነኝ። በሠርጌ ጠዋት «ጋሼ ፕሊስ፣ ለቪዲዮው ብቻ ሪሙቭ አድርግለት» ያልኳቸው እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ስሜን ለማንም አላነሱም፤ እኔም ዝም አልኩ። አሁን ሁላችሁም እወቁት፤ ለእሳቸው ግን ምንም አይጠቅማቸውም።

ጥፋቴን ተሸክማ የሄደችውን ነፍሳቸውን፣ እግዚአብሔር ሸክሟን አውርዶ ያሳርፍልን።